የሦስተኛ ዲግሪ የመጀመሪያ ዓመት፦ ለአዲስ የዶክትሬት ተማሪ የተዘጋጀ የሥራ መመሪያ

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ሦስተኛ ዲግሪ የሚጀምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጎበዝ ተማሪ ሆኖ የኖረ ነው፤ ችግሩም አንዳንዴ የሚጀምረው ከዚሁ ነው። እስከ ሁለተኛ ዲግሪ ድረስ ኮርሱን የሚያዘጋጀው፣ የፈተናውን ቀን የሚቆርጠውና ውጤቱን የሚለጥፈው ሌላ ሰው ስለ ነበር ትጉህ መሆን ብቻውን ይበቃ ነበር። በዶክትሬት ግን ኮርሶቹ ካለቁ በኋላ ጥያቄውን የሚያወጣውም፣ መልሱን የሚፈልገውም፣ የማስረከቢያውን ቀን የሚቆርጠውም ተማሪው ራሱ ይሆናል፤ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ምንም ሳይሠራ ቢያልፍ እንኳ የሚጠይቀው ላይኖር ይችላል። ፕሮግራሙ በደንቡ ላይ በአብዛኛው አራት ዓመት ተብሎ ሳለ ከዚያ በላይ የሚወስድባቸው ብዙዎች ናቸው፤ የባከነውን ጊዜ መለስ ብሎ ለመረመረ ሰውም፣ እንደ እኔ ግምት፣ ትልቁ ድርሻ የሚገኘው በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በዚያ ዓመት ላይ ብቻ ያተኩራል፤ ምክሩም በየቦታው አንድ ዓይነት ነው፦ ስምምነቱንም፣ ጥያቄውንም፣ ንባቡንም ከመጀመሪያው ወር አንሥቶ በጽሑፍ ማስፈር።

ደብዳቤዎችና ደንቦች

አገር አቀፉን የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ በተለምዶ ጋት የሚባለውን፣ እና የትምህርት ክፍሉን የራሱን ምዘና አልፈው የመግቢያ ደብዳቤ ሲቀበሉ፣ ከመጻሕፍቱ በፊት ሊነበቡ የሚገባቸው ሁለት ሰነዶች አሉ። የመጀመሪያው ከቀጣሪ መሥሪያ ቤትዎ ጋር የሚፈራረሙት የትምህርት ውል ነው። በአገራችን ከዶክትሬት ተማሪዎች ብዙዎቹ በሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩና በዚያው ስፖንሰርነት የሚማሩ መምህራን ስለ ሆኑ፣ ውሉ የሚወስነው ነገር ቀላል አይደለም። ደመወዝዎ ሳይቋረጥ ይቀጥላል ወይ፣ የምርምሩን ወጪ የሚሸፍነው ማነው፣ ትምህርቱ ከተባለው ጊዜ ቢያልፍ ማራዘሚያው በማን ይፈቀዳል፣ ሲመለሱ ለስንት ዓመት የማገልገል ግዴታ አለብዎ፣ ግዴታውን ባይወጡ ዋስ የሆነልዎ ሰው ምን ይጠየቃል የሚሉትን ነጥቦች ሳይፈርሙ ይጠይቁ፤ ከፈረሙ በኋላም ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ በእጅዎ ያስቀሩ። በቃል የተነገረ ተስፋ ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል፤ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይቀየራሉ።

ሁለተኛው የሚማሩበት ዩኒቨርሲቲ የሴኔት ሕግና የፕሮግራሙ ሥርዓተ ትምህርት ነው። የአጠቃላይ ዕውቀት ፈተና (ኮምፕሪሄንሲቭ የሚባለው) አለ ወይስ የለም፣ ፕሮፖዛሉ በስንተኛው ሴሚስተር መጽደቅ አለበት፣ ከመመረቂያው በፊት ስንት ጽሑፍ በምን ዓይነት ጆርናል መታተም ይኖርበታል፣ አማካሪ የሚቀየረው በምን ሥርዓት ነው የሚሉት ጥያቄዎች መልሳቸው እዚያ ነው። እነዚህ ነገሮች ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ፣ አልፎም በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከትምህርት ክፍል ትምህርት ክፍል ስለሚለያዩ፣ በኮሪደር ላይ ከሚወራው ይልቅ ሰነዱን ማመን ይሻላል። ሬጅስትራሩ ሰነዱን ካላገኘልዎ ከእርስዎ አንድ ወይም ሁለት ዓመት የቀደመ ተማሪ በስልኩ ውስጥ መያዙ አይቀርም።

አማካሪን መምረጥና አብሮ መሥራት

በብዙ ፕሮግራሞች ተማሪውና አማካሪው የሚገናኙት በምደባ ሲሆን፣ ምደባው ከመጽደቁ በፊት ግን ፍላጎትን ለመግለጽ የሚቻልበት አጭር ጊዜ አለ። ያንን ጊዜ ለመጠቀም የመምህራኑን የቅርብ ዓመታት ሥራዎች ማንበብ፣ ከዚያም የሚያማክሯቸውን ተማሪዎች ማነጋገር ያስፈልጋል። ተማሪዎቹን «ጥሩ ሰው ናቸው?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነውና። የሚጠቅመው «ያስገባኸው ረቂቅ በስንት ሳምንት ተመለሰልህ? አስተያየቱ በወረቀቱ ላይ ተጽፎ ነበር ወይስ በቃል ብቻ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ስም ያላቸው ፕሮፌሰር ብዙ ተማሪ፣ ብዙ ኮሚቴ፣ ብዙ የማማከር ሥራና ብዙ ጉዞ አላቸው። በሙያው ጥሩ መሠረት ያለውና ጽሑፍዎን አንብቦ የሚመልስ ወጣት ዶክተር አንዳንዴ የተሻለ ዋና አማካሪ ይሆናል፤ አንጋፋው ምሁር ደግሞ ተባባሪ አማካሪ ሆነው በዋና ዋና ነጥቦች ላይ ቢያዩት ይበቃል። ይህ የኔ አስተያየት ነው፤ በትምህርት ክፍሎች ውስጥ ሁሉም የሚስማማበት አይደለም።

አማካሪው ከታወቀ በኋላ ትልቁ እንቅፋት ይሉኝታ ነው። አዲስ ተማሪ «ዶክተርን ላለማስቸገር» በሚል ለወራት ይጠፋል፤ አማካሪውም ተማሪው እየሠራ ነው ብለው ያስባሉ፤ በመጨረሻ ሲገናኙ ሁለቱም ይደነግጣሉ። ይህንን የሚከላከለው ከመጀመሪያው ስብሰባ ላይ በየስንት ጊዜው እንደሚገናኙ መስማማት ነው። በየሁለት ሳምንቱ ከሆነ መልካም ነው፤ በወር አንድ ጊዜም ቢሆን ቀኑ የተቆረጠ መሆን አለበት። ወደ ስብሰባው ባዶ እጅ አይሂዱ፤ ሁለት ገጽ ጽሑፍ፣ ካልሆነም ያነበቡትን አንድ ጽሑፍ የሚተች ግማሽ ገጽ ይዘው ይሂዱ፤ ከተቻለም አንድ ቀን ቀደም ብለው ይላኩ። «ምን ላድርግ?» የሚል ጥያቄ አማካሪውን ያደክማል፤ «በዚህና በዚያ መካከል ተቸግሬያለሁ፣ እኔ ወደዚህ አዘነብላለሁ፣ ምክንያቴም ይህ ነው» የሚል ተማሪ ግን መልስ ይዞ ይወጣል።

ከስብሰባው በኋላ በዚያው ቀን አጭር መልእክት ይጻፉ። በኢሜይል ቢሆን ይመረጣል፤ አማካሪዎ ቴሌግራም የሚመርጡ ከሆነ ደግሞ በዚያው ይላኩና ቅጂውን ለራስዎ ያስቀምጡ። ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ዶክተር፣ እንደምን አመሹ። ዛሬ በተወያየነው መሠረት የጥናቱ ቦታ ወደ አንድ ወረዳ እንዲጠብ፣ የቃለ መጠይቁ ረቂቅም እስከ ኅዳር 20 እንዲደርስዎ ተስማምተናል። የሳትኩት ነገር ካለ ቢያርሙኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።» ይህ ሦስት ዓረፍተ ነገር ከስድስት ወር በኋላ «እኔ መቼ እንዲህ አልኩ?» የሚል ክርክር ሲነሣ ዋጋው ይታያል፤ አማካሪዎንም ሳያስቀይም ያስታውሳል። ግንኙነቱ በእውነት ካልሠራ፣ ማለትም ረቂቅ በተደጋጋሚ ሳይነበብ ከቆየ፣ መጀመሪያ ራሳቸውን በትሕትና ማናገር፣ ቀጥሎ ለትምህርት ክፍሉ የድህረ ምረቃ ኮሚቴ በጽሑፍ ማመልከት ይቻላል። በመጀመሪያው ዓመት የሚደረግ ለውጥ ብዙ ሰው አያስከፋም፤ በሦስተኛው ዓመት የሚደረግ ግን ዋጋው ለሁሉም ከባድ ነው።

ጥያቄውን ማጥበብ

አዲስ ተማሪ ይዞት የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ርእስ ነው፤ ዶክትሬት የሚሠራው ግን በጥያቄ ነው። ልዩነቱን በምሳሌ ለማሳየት «የመስኖ ልማት በኢትዮጵያ» የሚለውን እንውሰድ። ይህ ርእስ ለመንግሥት ሪፖርት እንጂ ለአንድ ሰው የአራት ዓመት ሥራ አይሆንም። በጎጃም መራዊ አጠገብ ወደ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ ታስቦ ወደ ተሠራው የቆጋ መስኖ ሲወርድ ቦታው ጠበበ፣ ጥያቄው ግን ገና አልተወለደም። «በቆጋ መስኖ ላይ የውኃ ክፍፍል» ሲባልም ገና ነው። «በቦዩ ራስ ያሉና በቦዩ ጫፍ ያሉ ገበሬዎች የአንድ የውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር አባል ሆነው ሳለ፣ በጫፍ ያሉት በበጋው ሰብል ወቅት ውኃ የሚያጥራቸው በቦዩ አሠራር ምክንያት ነው ወይስ ማኅበሩ ተራውን በሚያስከብርበት መንገድ?» ሲባል ግን ጥያቄ ሆነ። አሁን ምን እንደሚለካ ይታወቃል፤ በየቅርንጫፉ የሚደርሰው ውኃ፣ የተራ መዝገብ፣ የማኅበሩ ቃለ ጉባኤ፣ የገበሬዎቹ ምስክርነት። ከሁለቱ መልሶች አንዱ ስሕተት ሆኖ ሊገኝ እንደሚችልም ይታያል።

ጥሩ ጥያቄን ለመለየት የምጠቀምበት መስፈርት ይህ ነው፦ መልሱ «አዎ» ቢሆንም «አይደለም» ቢሆንም የሚጠቅም መሆን አለበት። ውጤቱ በአንድ ወገን ካልወጣ ዋጋ የማይኖረው ጥናት ተማሪውን ውጤት ፍለጋ ላይ ይጥለዋል፤ ከዚያም መረጃውን የሚፈልገውን እስኪሰጠው ድረስ ያሽከረክረዋል። ሌላው መስፈርት አቅም ነው። ለሦስት ክልሎች የታቀደ የመጠይቅ ሥራ በተማሪ በጀት አይሸፈንም። መረጃ ከባዶ ለመሰብሰብ ከመነሣት በፊት የተሰበሰበ መኖሩን ማጣራት ጊዜም ገንዘብም ያተርፋል። የዓለም ባንክ ከኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ጋር እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በየዙሩ የሰበሰበው የኢትዮጵያ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት መረጃ ለተመራማሪዎች ክፍት ነው፤ ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናትም እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያና በሌሎች ሦስት አገሮች ልጆችን ለዓመታት ተከታትሏል። ለታሪክና ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ደግሞ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትና ወመዘክር አሉ፤ ለብራና መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ውጤትም ዛሬ በከፊል በኢንተርኔት ይነበባል። በጥያቄው ላይ አማካሪዎ ከመስማማታቸው በፊት፣ በዚያው ጉዳይ ላይ የተሠራ የመመረቂያ ጽሑፍ መኖር አለመኖሩን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የኤሌክትሮኒክ ማከማቻዎች ውስጥ መፈተሽም አይርሱ።

ከዚህ ጋር የሚነሣ አንድ ጉዳይ አለ። ባለፉት ዓመታት በጸጥታ ምክንያት የጥናት ቦታቸውን ለመቀየር የተገደዱ ተማሪዎች ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ ጥያቄው በአንድ ቀበሌ ላይ ብቻ የሚቆም ሳይሆን ወደ ሌላ ተመሳሳይ ቦታ ሊዛወር የሚችል ቢሆን፣ ተለዋጩ ቦታም ከነምክንያቱ በፕሮፖዛሉ ውስጥ ከወዲሁ ቢጻፍ፣ በኋላ ፈቃድ ለማስቀየር ከመሯሯጥ ያድናል።

ንባብና ማስታወሻ

ጽሑፎችን ለማግኘት ከኪስ መክፈል አያስፈልግም። ሪሰርች ፎር ላይፍ በተባለው ሥርዓት፣ በተለይም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 በጀመረው ሂናሪ በኩል፣ የኢትዮጵያ ተቋማት በሺዎች የሚቆጠሩ ጆርናሎችን ያገኛሉ፤ የይለፍ ቃሉ ያለው ቤተ መጻሕፍቱ ጋር ነው፣ ሄዶ መጠየቅ ብቻ ይበቃል። ያልተገኘ ጽሑፍ ካለ ለደራሲው በሁለት መስመር ኢሜይል መጠየቅ ነውር የለውም፤ አብዛኞቹ በደስታ ይልካሉ።

ያነበቡትን የሚመዘግቡበት ፕሮግራም ከመጀመሪያው ቀን ይጫኑ። ዞቴሮ ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። አንድ ነገር ግን ቀድሞ መታወቅ አለበት፦ ፕሮግራሙ የደራሲውን ስም በሁለት ሳጥን ከፍሎ የቤተሰብ ስም አለ ብሎ ያስባል። በእኛ አገር ልማድ ደግሞ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው። የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ በዝርዝሩ ውስጥ «ዘውዴ፣ ባ.» ሆነው ቢገቡ የተጠቀሱት አባታቸው እንጂ እሳቸው አይደሉም። ከስም ሳጥኑ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ምልክት ሲጫኑ ሁለቱ ሳጥኖች አንድ ይሆናሉ፤ ሙሉ ስሙን እዚያ ያስገቡት። ይህ በመጀመሪያው ቀን ካልተስተካከለ በመጨረሻው ወር ብዙ ማጣቀሻ በእጅ ማረም ይመጣል። የሚልኩለት ጆርናል የተለየ ደንብ ካለው የዚያን ጊዜ መከተል ይቻላል። በዚሁ አጋጣሚ የራስዎንም ስም በላቲን ፊደል እንዴት እንደሚጽፉ ይወስኑ፤ ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ቢሆን ይመረጣል። ኦርኪድ የሚባለውን ባለ 16 አኃዝ የተመራማሪ መለያም በነፃ ያውጡ፤ አንዴ በአንድ «ኤስ» አንዴ በሁለት «ኤስ» የተጻፈ ስም ሥራዎችዎን በሁለት ሰው መካከል ይከፍላቸዋል።

ለእያንዳንዱ ጽሑፍ አምስት መስመር ማስታወሻ ይጻፉ፦ ምን ጠየቀ፣ በምን መረጃ መለሰ፣ ምን አገኘ፣ የት ላይ አላሳመነኝም፣ ለእኔ ጥያቄ ምን ይጠቅማል። አራተኛው መስመር ባዶ የሚቀር ከሆነ ጽሑፉ በጥሞና አልተነበበም ማለት ነው። የሌላውን ቃል እንዳለ ሲገለብጡ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ከነገጹ ያስገቡት፤ ከዓመት በኋላ የራስዎ መስሎዎት ቢጠቀሙበት የቅጂ መመርመሪያው ሶፍትዌር ያጋልጠዋል፣ ኮሚቴውም ሳያውቅ አደረገው ብሎ አያልፍም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያመነጫቸው ማጣቀሻዎችም አንዳንዶቹ ጭራሽ የሌሉ ጽሑፎች ስለሚሆኑ፣ ከፍተው ያላዩትን ሥራ በዝርዝርዎ ውስጥ አያስገቡ።

የተጻፈው ሁሉ በሦስት ቦታ ይቀመጥ፤ በላፕቶፑ፣ በውጭ ሃርድ ዲስክና በኢንተርኔት ላይ። በየማተሚያ ቤቱ የሚዞር ፍላሽ እንደ ማከማቻ አይቆጠርም፤ የሚያመጣው ቫይረስ ነው።

ጊዜና ቤተ ዘመድ

ለጽሑፍ የሚሆን ሁለት ሰዓት በየቀኑ ጠዋት ማስከበር ከቅዳሜና እሑድ ዘመቻ ይሻላል። የማስተማር ጫና ያለባቸው፣ ትንንሽ ልጆች ያሏቸውና ከሥራ ቦታቸው እየተመላለሱ የሚማሩ ተማሪዎች ይህን ማድረግ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሁለቱ ሰዓት አንድ ቢሆንም ጥቅሙ አይቀርም። ጥር የሠርግ ወር ነው፣ ለቅሶና ዕድርም አይቀርም፤ እነዚህን ከመሸሽ ይልቅ በዓመቱ ዕቅድ ውስጥ አስቦ መግባት ይሻላል። «መቼ ነው የምትጨርሰው?» የሚለው የአክስት ጥያቄ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ይመጣል፤ «ገና ነው እትዬ» ከማለት ያለፈ መልስ አያስፈልገውም።

የሕትመት ጉዳይ

በመጀመሪያው ዓመት ጽሑፍ ማሳተም ግዴታ አይደለም፤ የት እንደሚታተም ማወቅ ግን ያስፈልጋል። ምክንያቱም ኢሜይልዎ በሕዝብ ዘንድ መታየት ሲጀምር «የተከበሩ ፕሮፌሰር» እያሉ ጽሑፍ እንዲልኩ የሚለምኑ አጭበርባሪ ጆርናሎች መምጣታቸው አይቀርም። ምልክታቸው ይታወቃል፤ በጥቂት ቀን እናትምልዎታለን ይላሉ፣ ከግብርና እስከ ሥነ መለኮት ሁሉን ይቀበላሉ፣ የአርታኢዎቻቸው ስም ሲፈለግ ባለስሞቹ ራሳቸው አያውቁትም፣ ክፍያውን የሚገልጹት ጽሑፉ «ተቀባይነት ካገኘ» በኋላ ነው። እዚያ የታተመ ሥራ ለመመረቅ ካለመቆጠሩ በላይ፣ ከዚያ በኋላ በደህና ጆርናል ሊታተም አይችልም። ጆርናሉ ትምህርት ክፍልዎ በሚቀበላቸው፣ ጆርናሎችን በሚመዘግቡ የመረጃ ቋቶች ውስጥ መኖሩን ከጆርናሉ ድረ ገጽ ሳይሆን ከቋቱ ራሱ ያረጋግጡ። እውነተኛዎቹ ክፍት፣ ማለትም ማንም በነፃ የሚያነባቸው፣ ጆርናሎችም ክፍያ የሚጠይቁበት ጊዜ አለ፤ ብዙ ታላላቅ አሳታሚዎች ግን ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚመጡ ደራሲዎች ክፍያውን ይተዋሉ፣ ኢትዮጵያም ከእነዚህ አገሮች ተርታ ነች። ጥያቄው በአብዛኛው የሚቀርበው ጽሑፉ በሚላክበት ጊዜ ስለሆነ ከተቀበሉት በኋላ መጠየቅ ሊረፍድ ይችላል።

ከፕሮፖዛል ወደ መስክ

ፕሮፖዛሉ በትምህርት ክፍሉ ፊት ሲቀርብ የሚሰጠው አስተያየት ብዙና አንዳንዴም እርስ በርሱ የሚጋጭ ነው። ከጎንዎ የሚጽፍልዎ አንድ ጓደኛ ያስቀምጡ፤ እርስዎ መልስ እየሰጡ መጻፍ አይችሉም። በዚያው ሳምንት አስተያየቶቹን በአንድ ዓምድ፣ የወሰዱትን እርምጃ በሌላው ዓምድ አድርገው ሠንጠረዥ ያዘጋጁ፤ ያልተቀበሉትንም ከነምክንያቱ ያስፍሩና አማካሪዎ እንዲፈርሙበት ያድርጉ።

ቀጥሎ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ ይመጣል። ሰውን የሚመለከት ጥናት ሁሉ ይህን ይጠይቃል፤ የፈቃደኝነት ቅጹ ተጠያቂዎቹ በሚናገሩት ቋንቋ፣ በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሲዳምኛ፣ መዘጋጀት ይኖርበታል። ኮሚቴዎች የሚሰበሰቡት በየጊዜው እንጂ በየቀኑ ስላልሆነ፣ ማመልከቻው ወደ መስክ ለመውጣት ካሰቡበት ወር ብዙ ቀድሞ ይግባ። በጀትም እንዲሁ ነው፤ የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ በግንቦት መጨረሻ የተጠየቀ የምርምር ገንዘብ ሳይወጣ ሊቀር ይችላል፣ በሐምሌ ደግሞ አዲሱ በጀት ወዲያው አይለቀቅም። ገበሬን ማነጋገር የፈለገ ሰው ክረምቱንና የመኸሩን ሰብል መሰብሰቢያ ጊዜ፣ ማለትም ኅዳርና ታኅሣሥን፣ አስቦ ይንቀሳቀስ።

በመስክ ላይ በሩን የሚከፍተው የትብብር ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ከትምህርት ክፍሉ ወደ ክልል ቢሮ፣ ከዚያ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ይወርዳል፤ በየደረጃው የሚጻፈው አዲስ ደብዳቤ ላይ የጥናቱ ርእስና የመታወቂያዎ ስም በትክክል መስፈሩን እዚያው ቆመው ያንብቡ፤ አንድ ፊደል የተሳሳተ ደብዳቤ ከቀበሌ ወደ ዞን ሊመልስዎ ይችላል። ዋናውን በፋይል ያስቀምጡ፣ ፎቶ ኮፒውን ይስጡ፣ ለግልባጭዎም «ደርሷል» የሚል ፊርማ ይቀበሉ። ወደ ዋናው ሥራ ከመግባትዎ በፊት መጠይቁን ከናሙናው ውጭ ባሉ ጥቂት ሰዎች ላይ ይሞክሩት፤ ተጠያቂው «እንዴት ማለትዎ ነው?» ብሎ ያስቆመበት ጥያቄ ሁሉ እንደገና ተጽፎ ለአማካሪዎ ይቅረብ።